አርባ አንዱን ማስጠንቀቂያ የሰረዝኩት እኔ ነኝ

ሥራ ካቆምኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚያገኙኝ ሰዎች «ጡረታ ወጣሽ አሉ፤ ለመሆኑ ሥራሽ ምን ነበር?» ይሉኛል። «ጌም በሚሸጥ የኢንተርኔት ሱቅ ደንበኞች የሚጽፉትን አስተያየት አነብ ነበር» ስላቸው እርስ በርስ ይተያያሉ። አንድ ልብስ ነጋዴማ «በዚህ ዕድሜሽ የልጆች መጫወቻ ስትጠብቂ ኖረሻል በይኛ!» ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁን እስኪጨርስ ጠበቅኩትና «አዎ፣ ስጠብቅ ነው የኖርኩት» አልኩት። አላፍርበትም። ዘጠኝ ዓመት ሠርቼበታለሁ። እዚያ ቤት ምን እንዳጠፋሁና ምን እንዳቃናሁ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ሌላው አሳንሶ ከሚያወራው ራሴ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ትርሐስ እባላለሁ። አስመራ ተወልጄ አዲስ አበባ ነው ያደግኩት፤ እዚያም በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ። ናይሮቢ ከመጣሁ በኋላ መሃል ከተማ ውስጥ የመኪና ዕቃ የሚያስመጣ ያገሬ ሰው ቢሮ ከፍቶ ስለነበር ለሃያ ዓመት ያህል ደብዳቤ ጻፍኩለት። ሰውየው ቢሮውን ዘግቶ ወደ ልጆቹ ሲሄድ እኔ በሃምሳ አንድ ዓመቴ ሥራ ፈላጊ ሆንኩ።

አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ አንባቢ ይፈለጋል የሚለውን ማስታወቂያ ጎረቤቴ በስልኳ አሳየችኝ። ከካሳራኒ ሁለት ማታቱ፣ የናይሮቢን ሚኒባስ ታክሲ፣ ቀያይሬ ላቪንግተን ደረስኩ። ድሮ መኖሪያ ቤት የነበረ፣ ትልቅ ዛፍ ያለበት ግቢ ነው። ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አይቶኝ «ልጅሽን ልታደርሺ ነው?» አለኝ። «ልጆቼ ራሳቸውን ያደርሳሉ፤ እኔ ልፈተን ነው የመጣሁት» አልኩት። ውስጥ የተቀመጡት ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች ነበሩ። ፈተናው አርባ አስተያየት አንብቦ የትኛው እውነተኛ፣ የትኛው የውሸት እንደሆነ መለየት ነው። ሕይወቴን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ሳርም ስለኖርኩ ከሁሉም ቀድሜ ጨረስኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። ሰው ጌሙን ገዝቶ ይጫወትና ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ሰጥቶ የተሰማውን ይጽፋል። የኮከቦቹ አማካይ ከጌሙ ስም ሥር ይወጣል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ጌሙ ሱቁ ደጃፍ ላይ ይደረደራል፤ ዝቅ ካለ ማንም ወደማያየው ጓዳ ይገፋል። ጌም ሠሪዎች ዓመታት የለፉበት ነገር በዚያች ቁጥር ስለሚቆምና ስለሚወድቅ ብዙ ይዋሽባታል። ራሱን የሚያስመሰግን አለ፤ ተፎካካሪውን የሚያሰድብም አለ። ሱቁ የውጭ አገር ድርጅት ነው። እኛ ናይሮቢ ተቀምጠን ማሽኑ የተጠራጠራቸውን አስተያየቶች እያነበብን ይቆይ ወይም ይሰረዝ እንላለን። እያንዳንዳችን መለያ ቁጥር አለን፤ የወሰንነው ሁሉ በዚያ ቁጥር ይመዘገባል። ደሞዙ የቤት ኪራይና የማታቱ ይሸፍን ነበር፤ ስለሱ ይህ ይበቃል።

ከአስተያየቱ ጎን ሰውየው ስንት ሰዓት እንደተጫወተ፣ አካውንቱን መቼ እንደከፈተ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደጻፈ ይታያል። አምስት ደቂቃ ተጫውቶ «በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጌም አላየሁም» የሚለው ብዙውን ጊዜ ተከፍሎት ነው። ሁለት መቶ ሰዓት ተጫውቶ አንድ ኮከብ የሚሰጠው ግን እውነተኛ ነው፤ ያ ሰው የወደደው ነገር አስቀይሞት ነው። አማርኛውን ከእኔ በቀር የሚያነብ አልነበረም። አንድ ቀን የክፍላችን ኃላፊ ብራያን፣ ያኔ ገና ሠላሳ ያልሞላው የናይሮቢ ልጅ፣ ፊቱ አመድ መስሎ እየሮጠ መጣ።

«ማማ ቴሪ፣ ማሽኑ ቀይ ምልክት አብርቷል። አንድ ሰው ሊሞት ነው!» ስሜን መጥራት ስለሚቸግራቸው ቴሪ ነበር የሚሉኝ።

አነበብኩት። «ገደለኝ ይሄ ጌም! በሳቅ ሞትኩ እኮ! የሠራው ሰው እጁ ይባረክ» ይላል።

«አምቡላንስ እንጥራ?» አለኝ።

«አትጥራ፤ ደስ ብሎት ነው» አልኩት። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። ብራያን ግን አልሳቀም፤ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ቃሉ እንዴት እንደሚሠራ አስረጂኝ አለኝ። ልጁ መጥፎ ሰው አልነበረም። ወደፊት ስለምናገረው ይህን አስቀድሜ ልናገርለት።

ሥራውን ያስተማረችኝ ግን ማማ ንጄሪ ናት። ከእኔ አምስት ዓመት ትበልጣለች። ጋዜጣ ላይ የአንባቢያን ደብዳቤ ስታዘጋጅ ኖራ ጋዜጣው ሠራተኛ ሲቀንስ እዚህ የገባች ሴት ናት። ሁለታችን ጥግ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ንጄሪ ጠዋት ገብታ መጀመሪያ የምታነበው የተማረሩትን፣ ባለ አንድ ኮከቦቹን ነው። «ጭንቅላቴ ሳይደክም ልስማቸው» ትላለች። በለሆሳስ፣ በጸሐፊው ድምፅ አድርጋ ነው የምታነበው፤ ቁጡውን በቁጣ፣ ልጁን በልጅ ድምፅ። ስድብ ሲያጋጥማት መነጽሯን አውልቃ ታነባለች፤ «በብዥታ ሲሆን አይነካኝም» ትላለች። አንብባ ስትጨርስ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ታነሳለች፤ «ይሄ ሰው ምን ቀረበት?» ለተሳዳቢውም፣ ለአስመሳዩም፣ ለቅን አሳቢውም ጥያቄዋ ያው ነው። መልሱን በተማሪ ደብተር ላይ በእርሳስ ትጽፈዋለች። አንድ ደንብ ደግሞ ነበራት። «ብዙ አስተያየት በአንድ ጊዜ ልትሰርዢ ስትይ እጅሽን ከማውሱ ላይ አንሺ። ሂጂ ውሃ ጠጪ። ተመልሰሽ እንደገና አንብቢ።»

በሦስተኛው ዓመት ንጄሪ ወንድሟን ልትቀብር ወደ ትውልድ ቦታዋ ሄደች። እሷ በሌለችበት ሳምንት ነው ያ ነገር የደረሰው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። አንድ አዲስ ጌም፣ በዋሻ ውስጥ እየሮጡ የሚያመልጡበት፣ በደንብ እየተሸጠ ነው። በአንድ ቀን አርባ አንድ ሰዎች አንድ አንድ ኮከብ ሰጡት፤ የጻፉትም ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ነው። «አራተኛው ደረጃ ላይ ያለው ዋሻ ብርሃኑ በኃይል ብልጭ ድርግም ይላል። እህቴ ወደቀች። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እንዳይጫወት።» ግማሹ በእንግሊዝኛ፣ ግማሹ ያንኑ በስዋሂሊ ነው።

አነበብኩት፤ አላነበብኩትም አልልም። ነገር ግን ከወር በፊት አንድ ተፎካካሪ «ይህ ጌም ስልካችሁን ያበላሻል» የሚል ውሸት በብዙ አካውንት አስጽፎ አታሎን ነበር። ደንባችንም ከአሥር በላይ ሰው ያንኑ ጽሑፍ ከለጠፈ ዘመቻ ነው ይላል። ሌላ ሦስት መቶ አስተያየት ተራውን ይጠብቃል። አርባ አንዱንም መረጥኩና በአንድ ጠቅታ ሰረዝኳቸው። ውሃም አልጠጣሁ። ብራያን ማታ ሲወጣ «ፈጣን ነዎት ማማ!» አለኝ። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ሃያ አምስት ቀን ቆይቶ ከሞምባሳ አቤቱታ መጣ። የጻፈችው ዘይነብ የምትባል የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ስለዚህ ማንኛውንም ጌም ከመግዛቷ በፊት አስተያየቱን አንድ በአንድ ታነባለች፤ ብርሃን ያስቸገረው ሰው ካለ ትተወዋለች። የዚህን ጌም ሁሉንም አነበበች፤ ምንም አላገኘችም። ገዛች። አራተኛው ደረጃ ላይ ወደቀች፤ አገጭዋ ከብረት አልጋ ጋር ተጋጭቶ ሁለት ጥርሷ ረገፈ። «ሦስት ዓመት ሳልወድቅ ቆይቼ ነበር» ትላለች። «ሐኪሜ ብቻዬን ተረኛ እንድሆን የፈቀደልኝ ገና በቅርቡ ነው። አሁን ከለከለኝ፤ ቆጠራውን ከአንድ ልጀምር ነው። በኋላ ስጠይቅ ሰዎች አስጠንቅቀው እንደነበር ሰማሁ። ማን ነው የሰረዘው?»

መዝገቡን ከፈትኩ። የእኔ ቁጥር ነው።

ንጄሪ ከቀብር ተመልሳ አጠገቤ ነበረች፤ ደብዳቤውን አሳየኋት። አንብባ ጨረሰችና አላጽናናችኝም። አይዞሽ፣ ደንቡ ነው ልትለኝ ትችል ነበር። እሷ ያለችኝ ግን፣ «ጌሙን አይተሽዋል?»

«አላየሁትም።»

«እንግዲያው እንየው።»

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ሁለታችን ቢሮ ገብተን ጌሙን ከፈትን። እኔ የማተሚያ ቤት አራሚ፣ እሷ የጋዜጣ ሴት፣ ሁለት አሮጊቶች በአንድ ማውስና በአንድ ኪቦርድ። እኔ አስሮጣለሁ፣ እሷ ታዘልላለች። ገደል ገባን፣ ድንጋይ ተጫነን፣ ከመጀመሪያው ጀመርን። አንደኛውን ደረጃ ለማለፍ ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀብን። ምሳችንን እዚያው በላን። አራተኛው ደረጃ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ዋሻው ገባን። ብርሃኑ እንደ መብረቅ፣ ሳያቋርጥ፣ ነጭ ጥቁር ነጭ ጥቁር ይል ጀመር። ምንም በሽታ የሌለብኝ ሴት ዓይኔን ሸፈንኩ። ንጄሪ ስክሪኑን አጠፋችው።

«አየሽ» አለችኝ። «አሁን ደውዪላት።»

ለአቤቱታ መልስ የሚሰጠው በተዘጋጀ ጽሑፍ ነው፤ ስምም አይጻፍም፣ ስልክም አይደወልም። ንጄሪም ይህን ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። ከቢሮው ወደ መውጫው ደረጃ ወጥቼ፣ አቤቱታዋ ሥር ወደ ጻፈችው ቁጥር በራሴ ስልክ ደወልኩ። ቀጭን ድምፅ መለሰልኝ። በስዋሂሊ ከየት እንደምደውል ነገርኳት።

«ሰው ነሽ?» አለችኝ። «እኔ ማሽን ነው የሰረዘው ብዬ ነበር።»

«ሰው ነኝ። ትርሐስ እባላለሁ። የሰረዝኩት እኔ ነኝ።»

ከበስተጀርባዋ የመንገድ ጥሩምባ ይሰማኛል።

«ለምን?»

«ጽሑፉ አንድ ዓይነት ስለሆነ የተቀነባበረ ውሸት መሰለኝ።»

«አንድ ዓይነት የሆነው ልጅቷ አሰራጩልኝ ብላ ስለለመነች ነው። እህቷ ወድቃባት! ሰው ሲለመን ይገለብጣል። ምን ብሎ ይቀይረው? እሳት ተነሳ ሲባል ሁሉም እሳት ነው የሚለው!»

«ፖሌ» አልኳት፤ አዝናለሁ ማለት ነው፤ ስለው ቃሉ አነሰብኝ።

«ይቅርታሽን ዛሬ አልቀበልም» አለች ዘይነብ። «መልሺው። መጀመሪያ መልሺው።»

ደንባችን አንድ ቀዳዳ ነበረው፤ ሠራተኛ የራሱን ውሳኔ በሠላሳ ቀን ውስጥ ያለ ማንም ፈቃድ መሻር ይችላል። ያ ቀን ሃያ ስድስተኛው ነበር። ብራያንን ልጠይቀው አሰብኩ፤ ከጠየቅኩት ወደ ላይ እንደሚጠይቅ፣ ወደ ላይ ከተጠየቀ አራት ቀን እንደሚያልፍ አውቅ ነበር። አልጠየቅኩትም። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አርባ አንዱን አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን እያነበብኩ መለስኳቸው። በጅምላ መመለስም ይቻል ነበር። አልፈለግኩም።

ሰኞ ጠዋት የጌሙ ቁጥር ወርዶ ነበር። ሠሪዎቹ ለቅናሽ ሳምንት ደጃፍ ላይ ሊደረደሩ ሲሉ ወደ ጓዳ በመገፋታቸው ተቆጥተው ጽፈዋል። ብራያን ወደ መስታወቱ ክፍል ጠራኝ።

«ማማ ቴሪ፣ ምን አደረጉብኝ? ደንቡን ያውቁታል። ከአሥር በላይ ተመሳሳይ ጽሑፍ።»

«ደንቡን አውቀዋለሁ። ጌሙንም አውቀዋለሁ፤ ተጫውቼዋለሁ። አንተ ተጫውተኸዋል?»

«ሠሪዎቹ እኮ የውል ጽሑፋቸው ውስጥ ስለ ብርሃን አስጠንቅቀናል ይላሉ።»

«ስንተኛው ገጽ ላይ?»

ከዚያ ለስለስ ብሎ «ለዚህ ሳምንት ብቻ መልሰው ይሰርዙት። ቅናሹ ካለቀ በኋላ እንነጋገርበታለን» አለኝ።

«በቅናሽ ሳምንት አይደል ብዙ ሰው የሚገዛው?» አልኩት። «እኔ አልሰርዝም። መሰረዝ ካለበት አንተ በራስህ ቁጥር ሰርዘው። ያንተ ስም ይግባበት።»

ማውሱን ገፋሁለት። እጁን ዘርግቶ ያዘው። ስክሪኑን ረጅም ጊዜ አየው፤ አርባ አንድ ጊዜ የተጻፈውን «እህቴ ወደቀች» አየው። ከዚያ ማውሱን ለቀቀና «ወደ ሥራዎ ይሂዱ» አለኝ።

ከሳምንት በኋላ ከላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣልኝ፤ «ያለአግባብ ውሳኔ በመሻር ስህተት ፈጽመሻል፤ ጥፋትሽን አምነሽ ፈርሚ» ይላል። በመዝገቡም ላይ መመለሴ «ስህተት» ተብሎ ተጻፈ፤ መሰረዜ «ትክክል» እንደሆነ ቀረ። ደብዳቤው ላይ አልፈረምኩም። ከሥሩ በእጄ፣ «ስህተቴ መሰረዜ ነው፤ መመለሴ አይደለም» ብዬ ጽፌ መለስኩት። በዚህ ምክንያት ለአንድ ዓመት የስድብ ቃላት ብቻ ወደሚለዩበት ወንበር አዛወሩኝ። ዓመቱን ሙሉ በአራት ቋንቋ ስድብ ሳነብ ዋልኩ። ንጄሪ መነጽሬን እንዳወልቅ በየጠዋቱ ታስታውሰኝ ነበር።

ጌሙ ግን ተስተካከለ። ማስጠንቀቂያዎቹ በቆዩ በሁለት ወራቸው ሠሪዎቹ ዋሻውን አለዘቡት፤ ብርሃኑን ማጥፊያም ጨመሩ፤ ገና ሲከፈት በትልቁ ተጽፎ የሚወጣ ማስጠንቀቂያም አደረጉበት። ዘይነብ ራሷ ገብታ አስተያየት ጻፈች፤ ሦስት ኮከብ ሰጠችው። «አሁን ይሻላል። ጥርሴን ግን አልመለሰልኝም» ይላል። ማሽኑ ተጠራጥሮት ወደ እኛ ላከው። ንጄሪ «ይቆይ» ብላ አሳለፈችው። ለእኔ ዘይነብ ዳግም አልጻፈችም፤ እኔም ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ አላስቸገርኳትም። የራሴን ጥፋት ለመሸከም የእሷን ፈቃድ አልጠየቅኩም።

ንጄሪ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጉልበቷ አስቸግሯት ለቀቀች። እኔ ወደ ቀድሞ ወንበሬ ተመለስኩ፤ አዲስ የሚገቡትንም አስተምር ጀመር። ከተቀጠሩት ማንም ቢሆን ጌሙን ሳይጫወት በጅምላ እንዲሰርዝ አልፈቀድኩም። ሥራው ይዘገያል ብለው ስንት ጊዜ ከሰሱኝ። ይዘግይ አልኳቸው።

ከዚያ ዘመኑ ተቀየረ። ማሽኑ ራሱ ወሳኝ ሆነ። ከሠላሳ አንባቢ ስድስት ቀረን፤ የቀረነውም ሥራችን ማሽኑ የወሰነውን አይቶ «እስማማለሁ» የሚለውን መጫን ሆነ። ለአንዱ የሚሰጠን ስምንት ሰከንድ ነው። በስምንት ሰከንድ እኔ መነጽሬን እንኳ አላስተካክልም። ሁለት ወር ሞከርኩት። አንድ ቀን ስክሪኑ ላይ አንዲት ሴት የጻፈችውን ገና አንብቤ ሳልጨርስ ጠፋብኝ። የፈለገችውን ሳላውቅ «እስማማለሁ» ተብሎ በእኔ ቁጥር አለፈ። በዚያው ሳምንት ስድሳ ዓመቴን እየደፈንኩ ነውና እወጣለሁ ብዬ ደብዳቤ አስገባሁ።

የመጨረሻው ቀን ልጆቹ ኬክ ገዙልኝ። ስሜን በአማርኛ ፊደል ከስልካቸው ላይ እያዩ ኬኩ ላይ አስጽፈውታል፤ «ት»ዋ ተገልብጣለች፣ ግን ትርሐስ ይላል። እያለቀስኩ በላሁ።

ከዚያ ብራያን የመጨረሻ ወረቀት አለ ብሎ ወደ መስታወቱ ክፍል ወሰደኝ። እሱም ጸጉሩ መሸሽ ጀምሯል። ስክሪኑ ላይ አንድ ቅጽ ከፈተ። «በመለያ ቁጥሬ የተመዘገቡት ውሳኔዎች በሙሉ ትክክለኛ መሆናቸውን አረጋግጣለሁ» ይላል።

«ለምንድን ነው ይሄ?» አልኩት።

«ማሽኑን ለማስተማር ነው። የለቀቁ ሠራተኞች ሁሉ ይፈርማሉ፤ የሥራ ምስክር ወረቀቱም ከዚህ በኋላ ነው የሚወጣው። የእርስዎ መዝገብ ደግሞ ጥሩ ነው ማማ። ከእርስዎ እንዲማር እንፈልጋለን።»

«አርባ አንዱንም ይማራል?»

የትኞቹን ማለቴ እንደሆነ አልጠየቀኝም። «መዝገቡ ላይ መሰረዙ ትክክል፣ መመለሱ ስህተት ነው የሚለው» አለ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያው እኔ ብፈርም ማሽኑ ነገ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣለት ምን ያደርጋል?»

«ይሰርዛል።»

«ከአርባ አንዱ በቀር ብለህ አስገባልኝና ልፈርም።»

«እሱ ቦታ የለውም። ወይ አረጋግጣለሁ፣ ወይ አላረጋግጥም ነው።» ወደ በሩ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማማ ቴሪ፣ ዘጠኝ ዓመት ሠርተው ያለ ምስክር ወረቀት ሊወጡ ነው? አንድ ጠቅታ ናት እኮ።»

«አንድ ጠቅታ መሆኗንማ አውቃለሁ» አልኩት። ቦርሳዬን አነሳሁ። «አላረጋግጥም የሚለውን ተጫንልኝ።»

ተጫነ። ስክሪኑ ላይ አንድ ባዶ ሳጥን ብቅ አለ።

«ምክንያት ጻፍ ይላል» አለኝ። ጣቶቹ ኪቦርዱ ላይ ቆመዋል። «ምን ብዬ ልጻፍ? ጊዜ አልነበራትም ልበል? ወይስ ቅጹን በደንብ አልተረዳችውም?»

«ቅጹን በደንብ ተረድታዋለች» አልኩት። «እምቢ አለች ብለህ ጻፍ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ እያየሁት፣ ጻፈው።